ስሩ የት ደርሶ ይሆን

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። የሆነ ነገር የለም፣ የጥር ንፋስ ነው መሰለኝ። ከሰዓት ላይ ተነስቶ ያን ባህር ዛፍ ሲያወዛውዘው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፣ እኔ ግን ዓይኔ መሬት መሬት ነው የሚያየው። አምና ያን ሁሉ ብር ከስክሼ ኮንክሪት ያስሞላሁት የመኪና መግቢያ፣ ስንጥቁ ከዛፉ ስር ተነስቶ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው። መስከረም ላይ ሳንቲም ነበር የሚያስገባው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ትንሿን ጣቴን ከተትኳት እስከ አንጓዋ ገባች፣ ውስጥ ክር የምታክል ስር ነካችኝና እጄን ቶሎ ሳብኩት። ለምን እንደደነገጥኩ አላውቅም።

የእህቴ ባል (ሲቪል ኢንጂነር አይደል) ባለፈው እሁድ አይቶት ስሩ ገፍቶት ብቻ እንዳይመስልሽ አለኝ። ሰፈራችን መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ዛፉ ደግሞ በጋ ላይ የቀረችውን እርጥበት ከመሰረቱ ስር ሳይቀር ይመጠምጣታል፣ ከዛ መሬቱ ይከዳል። ለካ ለዛ ነው የሳሎኑ ብረት በር ክረምት በአንድ እጅ እየተዘጋ ከታህሳስ ወዲህ በትከሻዬ ካልገፋሁት እምቢ የሚለው! እኔ ማጠፊያው መስሎኝ ስንት ጊዜ ዘይት ቀባሁት። በቃ እናስቆርጠው ስለው ደሞ ቀስ በይ አለ። ትልቅ ዛፍ ድንገት ሲነሳ አፈሩ ሲጠጣበት የነበረውን ውሃ መልሶ ይይዝና ያብጣል፣ ቤቱን ከስር ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል አለኝ። ጉቶውም ዝም አይልም፣ ባህር ዛፍ እኮ ነው፣ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ተኝቼ የማስበው ስሩ አሁን የት ደርሶ ይሆን እያልኩ ነው። ሳሎን ስር? እቴቴ አልጋ ስር?

ይሄ ከተማ ራሱ በባህር ዛፍ አይደል የቆመው። በ1879 ዓ.ም ተቆርቁሮ ብዙም ሳይቆይ ማገዶ ጠፍቶ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ነበር፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ቶሎ ቶሎ ባያድግ ዛሬ እዚህ ማን ይኖር ነበር። እኛ ቤትም ማገዶው እሱ፣ አጥሩ እሱ፣ መድኃኒቱ እሱ። ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን እቴቴ ከግንዱ ስር የሚበቅለውን ለጋውን፣ ነጣ ያለውን ቅጠል ቀጥፋ ድስት ሙሉ ታፈላና ጋቢ ታለብሰናለች፣ ሁላችንም አንድ ላይ፣ ዓይናችን እያነባ፣ እሷ ድስቱን በጨርቅ ይዛ "ሳብ አርጊው፣ ሳብ፣ ገና ነው" ስትል። ከጋቢው ስንወጣ ዓለም በሙሉ ይቀዘቅዝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደሞ እኔ ነኝ እሷን ያጠንኳት። ሳሉ አልተዋትም። ጋቢውን ላስተካክል ትከሻዋን ስይዘው እጄ ውስጥ አለቀ። እንዲህ ቀጭን ነበረች እንዴ? መቼ ነው እንዲህ የሆነችው፣ እኔ እዚሁ ቤት እያለሁ፣ በየቀኑ እያየኋት? ስንጥቁን በሳንቲም ስለካ እሷን ሳላያት ቀረሁ? እንፋሎቱ ውስጥ ሆና "አንቺም ግቢ እንጂ" አለችኝ፣ ገባሁ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ሳብን።

አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ንፋሱ ቆሟል፣ ከጓዳ በኩል ሳሏ ይሰማኛል። ዛፉን ላስቆርጠው ነው ብዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ነገ ቅጠል ትፈልጋለች፣ ከታች ያለው ለጋው ደግሞ አልቋል። ከጎረቤት መሰላል ልዋስ ወይስ ለዛፍ ቆራጩ ልደውል?