የቺፕሱ ላስቲክ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ሳመጣው ፒያሳ ላይ ሱቅ በር መሬት ላይ ተንከባለለብኝ። ለስላሳ ካልተገዛልኝ ብሎ! ገና አምስት ዓመቱ ነው። ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ፍርፍሩ እንዳለ ነው፤ የቺፕሱ ላስቲክ ግን ተልሶ ጸድቷል።

ስኳር ልጅ ያቅበጠብጣል የሚባለውን ጥናቶች አላረጋገጡትም። ምላስ ግን በልጅነቱ የለመደውን ነው የሚፈልገው፤ ያኔ የመጣ ውፍረትም ብዙ ጊዜ እስከ ጉልምስና ይከተላል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ገደማ። እኔ ቡናዬ ላይ ሁለት ሳደርግ እማዬ ትቆጣኛለች! (የመጀመሪያዋን ለስላሳ የገዛሁለት እኔው ነኝ፣ ለጥምቀት።)

ቤት ስንገባ እማዬ ምንም ሳትል ቆሎ ዘገነችለት። ገብሱን ትቶ ሽምብራውን ብቻ ለቀመና «ለውዝ የለውም?» አላት።