የፖርቱ የውስጥ አፍ

የሳብውፈር (ወፍራም፣ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ሳጥን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ፖርቱ፣ ማለትም የሳጥኑ አየር የሚተነፍስበት ቱቦ፣ ፊት ለፊት ይውጣ፣ በጎን ወይስ በጀርባ በሚለው ነው። እኔ ግን ከውጭው አፍ ይልቅ ሳጥኑ ውስጥ የሚያልቀው ጫፍ ያሳስበኛል።

በ32 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 10.7 ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሜትር ለሆነ ሳጥን ቀዳዳው በየትኛውም ፊት ቢወጣ የተቃኘበት ድግግሞሽ፣ ማለትም ፖርቱ አብዝቶ የሚሠራበት፣ ያው ነው። የቱቦው አየር እንደ ክብደት፣ የሳጥኑ አየር ደግሞ እንደ ሞላ ሆነው አብረው ይወዛወዛሉ። ያ ክብደት ወዲያና ወዲህ እንዲል ግን በሁለቱም ጫፍ መፈናፈኛ ይፈልጋል።

በቁጥር ላስቀምጠው። የተጣራ 60 ሊትር ሳጥን፣ የሚፈለገው ቅኝት 32 ኸርዝ፣ አንድ ባለ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ። 110 የውጭው ስፋት ነው፤ ግድግዳው ስስ ከሆነ ውስጡ 10.4 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል፣ የሚሰላውም በዚህኛው ነው። (11 ይዞ ማስላት የተለመደ ስህተት ነው።) 10.4 በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ በቀመሩ ቋሚ ቁጥር በ23,562.5፤ የመጣው ለ32 × 32 × 60 ሲካፈል 41.5 ይሰጣል። ከዚህ ላይ የስፋቱ 0.732 እጥፍ፣ ማለትም 7.6 ይቀነሳል። ጫፎቹ አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ቱቦው ከተቆረጠበት ረዘም ብሎ ነው የሚሠራው። የሚቆረጠው እንግዲህ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

አሁን ሳጥኑ። የውስጥ ልኩ 50 በ40 በ34 ቢሆን 68 ሊትር ይይዛል። ቱቦው ራሱ ከ3 ሊትር በላይ ይበላል፣ ስፒከሩና የመደገፊያ እንጨቶቹ ሲታከሉበት ወደ 60 ይወርዳል። 34ቱን ጥልቀት አድርጎ ቱቦውን ከስፒከሩ ጎን ፊት ለፊት መትከል ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ጣውላው 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ከሆነ 1.8 ሴንቲሜትሩ በጣውላው ውፍረት ውስጥ ይቀራል፣ 32.2ቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላው ግድግዳ የሚተርፈው 1.8 ሴንቲሜትር ብቻ! አንድ ጣት ቢገባ ነው። አየሩ በዚያች ክፍተት ተጨንቆ ስለሚታጠፍ ቱቦው የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ድግግሞሹ ከታሰበው በታች ይወርዳል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ፉፍ ፉፍ ይላል።

ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ እዚህ 10 ሴንቲሜትር ተኩል። ያው ቱቦ በ50ው አቅጣጫ ቢገባ 17.8 ይተርፋል፣ ስለዚህ ፖርቱ የሚወጣው በጎን ነው። ውበቱ ከከነከነ በክርን (የቱቦ መታጠፊያ) ማጠፍ ይቻላል፤ ርዝመቱ በመታጠፊያው መሐል መስመር ይለካ። የውስጡ አፍ ከስፒከሩ ማግኔት ጋር እንዳይፋጠጥና ሳጥኑ ውስጥ የሚደረግ ጥጥ ከፊቱ እንዳይንጠለጠልም ልብ ይባል።

ከጣውላ የሚሠራው ጠፍጣፋ ፖርት ሌላ ጣጣ አለው። የሳጥኑ ግድግዳ ከፖርቱ ጫፍ አልፎ ስለሚቀጥል አየሩን እየመራ ያስረዝመዋል፤ ለክብ ቱቦ በተሰላው ርዝመት የተሠራ ጠፍጣፋ ፖርት ዝቅ ብሎ ይቃኛል።

የአየሩ ፍጥነት በሴኮንድ ከ17 ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው። ኃይለኛ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ለአንድ ቱቦ ይበዛበታል፤ ሁለት ይሁን ቢባል ደግሞ እያንዳንዱ 75 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ የትም አይገባም። የሁለቱንም ጫፎች ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማድቦልቦል ፉጨቱን በመጠኑ ይቀንሳል፣ ተአምር ግን አይሠራም።

በጀርባ የሚወጣ ፖርት ከክፍሉ ግድግዳም ሆነ ከመኪናው ወንበር ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ። ፊት ለፊት ሲወጣ ቱቦው ራሱ በ410 ኸርዝ ገደማ የሚያሰማው ጩኸት ያመልጣል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ማጣሪያው ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ለሚቀንስለት ሳብውፈር ግን እንቅልፍ የሚነሳ አይመስለኝም።

ለሙከራ ቱቦው ከስሌቱ ረዘም ብሎ 37 ሴንቲሜትር ተቆርጦ ሳይጣበቅ ይገባል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። የስልክ ቶን ጄኔሬተር በዝቅተኛ ድምፅ ከ50 ኸርዝ በ1 በ1 እየወረደ ኮኑ (የስፒከሩ የሚንቀጠቀጠው ፊት) በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። ኮኑ ሊቆም ሲቃረብ፣ በፖርቱ አፍ የተያዘ ቁራጭ ወረቀትም አብዝቶ ሲርገበገብ፣ ቅኝቱ እዚያ ነው፤ 31 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ጎልቶ ከወረደ የውስጡ አፍ ተጨንቋል። ኮኑ የትም ላይ ካልተረጋጋ መገጣጠሚያው አየር ያስወጣል፣ ማእዘኖቹ እንደገና ሲሊኮን ይፈልጋሉ። ከቱቦው 2.5 ሴንቲሜትር መቁረጥ ቅኝቱን 1 ኸርዝ ገደማ ከፍ ያደርጋል። 32 ላይ ሲደርስ ፕላስተሩ ይነሳና ቱቦው በሲሊኮን ይጣበቃል።