በሦስት መንግሥት ዳኛ ነበርኩ፤ ጡረታዬን ያስከበርኩት ግን በፔሮል ነው

ዳኝነት የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን፣ በአንድ አውራጃ ፍርድ ቤት ነው። በ1967 ደርግ ሲመጣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባም እዚያው። ለማንም ብዬ በትእዛዝ አልፈረድኩም፤ በዚህ እኮራለሁ።

መንግሥት ቢለዋወጥም የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከጠረጴዛዬ አልተነሳም። የተለወጠው የሚመጣልን ጉዳይ ነው። አዋጅ 47/1967 ሲወጣ የከተማ ቦታና ቤት ክርክር ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ከፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለእኛ እንደ ውል፣ ውርስና ካሳ ያለው ቀረልን።

አንጀቴን ያሳረረው ጡረታው ነው። ቅጽ መሙላቱ፣ ፎቶው ምንም አይደለም። ከዚያ ግን «ከቀጠረዎት መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ያምጡ» ተባልኩ። የቀጠረኝ የአውራጃ ፍርድ ቤት ነው። አውራጃ ደግሞ ከፈረሰ ቆይቷል! ክልሉ ወደ ዞን ላከኝ። ዞኑ «ፋይልዎ አዲስ አበባ ነው» አለ። አዲስ አበባ መልሶ ወደ ክልሉ።

መዝገብ ቤት ገብቼ የፈረምኩባቸውን ፍርዶች አስገለበጥኩ። ቀንና ማኅተም አላቸው፤ ስሜም «ዳኛ» ተብሎ ከላይ ሰፍሯል። የዝውውር ደብዳቤዬን ጨመርኩበት፤ ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይላል። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ልጅ ገለጥ ገለጥ አደረገና «አባባ፣ ይሄ እኮ ፍርድ ነው፤ የቅጥር ማስረጃ አይደለም» አለኝ። ደሜ ፈላ። በዚያ ወረቀት ሰው ታስሯል፣ ውርስ ተከፍሏል። እኔ ዳኛ እንደነበርኩ ለማስረዳት ግን አልበቃም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያወጣኝ ፔሮል፣ ማለት የደመወዝ መክፈያ መዝገብ ነው። በድሮው ከተማ ገንዘብ ቤት አንድ አንጋፋ ሒሳብ ሹም ከመጋዘን አውጥተው አሳዩኝ። አቧራ የጠጣ ጥራዝ ነው። ከስሜ ትይዩ የተቆረጠው የጡረታ መዋጮ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከየዓመቱ አንዳንድ ወር አስገልብጬ በማኅተም አስመታሁ። ተቀበሉኝ።

በሥራ ላይ ያላችሁ ዳኞች፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 79 ብቻ አትመኑ። ያለ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔ ከወንበር እንዳትነሱ ይጠብቃችኋል፤ ፋይላችሁን ግን አይጠብቅም። ስትዛወሩ የአገልግሎት ደብዳቤ ሳትይዙ ከተማውን አትልቀቁ። ኦሪጅናል አስረክቡ ቢሏችሁ አሳዩ እንጂ አትስጡ። አገልግሎታችሁ አንሶ ከተሰላ ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሂዱ። እኔ ደክሞኝ ተውኩት። ከግንቦት 1983 በኋላ ያሉት ወራት ፔሮላቸው ስላልተገኘ እስከ ዛሬ አልተቆጠሩልኝም።