አሞሌ ተርፏቸው ነው?

ወረቀቱ 8 ገጽ ነበር። ርዕሱ በደማቅ ፊደል «የሞተር ሳይክሎች የክረምት አያያዝ መመሪያ» ይላል። የመጣው ከአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ አስተርጉሞ፣ ማህተም መትቶ፣ እኛ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ላከው። ተርጓሚው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። ከቡናው በኋላ ግን የምጠይቀው ነገር አለኝ።

እነሱ ዘንድ ክረምት በረዶ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ዝናብ ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ መመሪያው ልክ ለእኛ የተጻፈ መሰለ። የደረሰንም ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። የንብረት ኃላፊያችን ርዕሱን አየ፣ በመስኮት ሰማዩን አየና «በሰዓቱ ነው የደረሰው» አለ።

ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ጥገና የእኔ ሥራ ነበር። 14 ሞተር ነበረን፤ 9 ያማሃ አግ መቶ፣ 5 ሆንዳ ኤክስኤል። የመስክ ሠራተኞቹ በበጋ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞሩባቸዋል። ሐምሌ ሲገባ ግን የጎጃም ዋልካ ሞተር አያስኬድም። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ወርደህ በእንጨት ትጎረጉራለህ፣ ሃያ ሜትር ትሄዳለህ፣ ደግሞ ትወርዳለህ። ስለዚህ ሞተሮቹ ሰኔ መጨረሻ መጋዘን ይገባሉ፣ መስከረም መጨረሻ ይወጣሉ። ሦስት ወር ለዝገት ብዙ ነው።

እኔ የራሴ አሠራር ነበረኝ። በባልዲና በጨርቅ አጥቤ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆማቸዋለሁ። ሰርባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን መያዣውን፣ እስከ አፉ ቤንዚን እሞላለሁ፤ ቤንዚን ካለበት አየር የለም፣ አየር ከሌለ ጤዛ የለም። ካርቡራተሩን አደርቃለሁ። ዘይት እቀይራለሁ፤ የሠራ ዘይት ውስጡ አሲድ አለው፣ ከእሱ ጋር ማስከረም ኩሽኔታን፣ ብረቱ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ማስበላት ነው። እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ በቀስታ ሁለት ሦስቴ እረግጣለሁ። ካቴናውን፣ የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ በላምባ ጠርጌ ወፍራም ዘይት እቀባለሁ። ባትሪ አወጣለሁ። የማርሚታውን፣ የጭስ መውጫውን፣ አፍ በጨርቅ እወትፋለሁ። ከላይ አቡጄዲ ጣል። አለቀ።

በዚያ ዓመት ግን ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። መነጽሩን አድርጎ ጣቱን ሦስተኛው ገጽ ላይ ተክሏል።

«እስቲ ይሄን አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። «ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላና ከማከማቸት በፊት በሞተር ሳይክሉ ላይ የተጋገረው ጨው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ መወገድ አለበት።»

«ጨው?» አለኝ።

«ጨው ነው የሚለው ጋሼ።»

«የምን ጨው?»

አስረዳሁት። እዚያ መንገዱ ላይ ውኃ ይረጋና በረዶ ይሆናል፣ መኪና ይንሸራተታል። ጨው ሲበተንበት ውኃው ቶሎ አይረጋም። ያ ጨዋማ ውኃ ብረት ላይ ይረጫል። ጨው ደግሞ እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ደረቅ በመሰለህ ቀን እንኳ ብረቱ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ዝም ብሎ አየኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን የሚያጠና ይመስላል።

«መንገድ ላይ ይበትኑታል?»

«በመኪና ጭነው ጋሼ።»

«አሞሌ ተርፏቸው ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሰውዬው ግን አልሳቀም። አያቱ በአሞሌ ሲነግዱ የነበሩ ሰው እንደሆኑ በኋላ ነው የሰማሁት። ከአፋር በግመል ተጭኖ ደጋ የወጣ ጨው፣ ሰው እንደ ገንዘብ የሚቀባበለው ጨው፣ አስፋልት ላይ? ለእሱ ነገሩ ነውር ነው። ሳቄ ደግሞ በሱ ላይ መሰለው። አሁን ሳስበው ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ሳቅ ነው የመጣው።

«እሺ» አለ መነጽሩን እያስተካከለ። «የእኛ ሞተር ላይ ጨው የለም እያልከኝ ነው?»

«የለም።»

«በላቦራቶሪ አስመርምረሃል?»

«ኧረ ጋሼ...»

«መመሪያው ክረምት ነው የሚለው። አሁን ክረምት ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው ይታጠባሉ።»

13ቱ ሞተሮች ላቫጆ ሄዱ። (14ኛው አልተመለሰም፤ እመጣበታለሁ።) በፕሬዠር፣ እያንዳንዱ በደረሰኝ። ያን ጉልበት ያለው ውኃ የጎማው መሃል ላይ ሲያነጣጥሩት ጥርሴን ነው ያፋጨሁት። ኩሽኔታው ጋ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት የዝናብ ውኃ ትከላከላለች እንጂ የፕሬዠር ውኃ አትችልም። ውኃው ይገባል፣ ግራሶውን ያጥባል፣ መውጫ የለውም። ጨው የሌለበትን ጨው ስናጥብ እውነተኛውን ጠላት ውስጥ አስገባነው። ፀሐይ ላይ ይቁሙ ብዬ ለመንኩ። ፀሐይ የለም፣ ሰኔ 25 ነው።

ቀጥሎ ሽፋኑ መጣ። ወረቀቱ «አየር የማያስገባ ሽፋን ይልበሱ» ይላል። ኃላፊው ወፍራም ላስቲክ አስገዝቶ ሞተሮቹን አንድ በአንድ ጠቅልሎ በገመድ አሰራቸው። አየር የማያስገባ ላስቲክ እርጥብ ሞተር ላይ! ከወራት በኋላ እንግሊዝኛው እጄ ገባ። «አየር የሚያስገባ» ነው የሚለው። አንዲት «ሚ» «ማ» ሆና 10 ሞተር በላች። ተርጓሚውን ቡና የምጋብዘው ለዚች ነው።

ስለ ሰርባትዮው ግን ትርጉሙ ትክክል ነበር። «እስከ አፉ ይሞላ» ይላል፤ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። መመሪያ መመሪያ ሲል የሰነበተው ኃላፊ እዚህች ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ከመቶ ሊትር በላይ ቤንዚን ሦስት ወር መጋዘን አስቀምጬ፣ ማን ሊጠብቀው?»

«ዘበኛ አለ ጋሼ።»

«እሱንስ ማን ይጠብቀው?»

ዘበኛው በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስልሳ ያለፋቸው፣ ከሰው ቤት ውኃ እንኳ ለምነው የማይጠጡ ሰው። ምንም አላሉም። ሰርባትዮዎቹ ተራግፈው ባዶ ሆኑ።

ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገርም ከራሱ ጨመረ። በየዓርቡ እያንዳንዱ ሞተር 3 ደቂቃ ተነስቶ ይጥፋ፣ «ደሙ እንዲዘዋወር»። ለዚህ በጀሪካን ቤንዚን ወጪ ይደረጋል፣ ቅጽ አለ፣ እፈርማለሁ። 3 ደቂቃ ሞተሩን አያሞቀውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚወጣው ብዙ ሰው አያውቅም። ጠዋት ከማርሚታ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ሞተር ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ሲግል ያ ውኃ በእንፋሎት ይወጣል። 3 ደቂቃ ብቻ ሲሠራ ግን ከፊሉ እዚያው ይቀራል፤ ማርሚታ ውስጥም፣ ዘይቱ ውስጥም። በየሳምንቱ ውኃ እያጠጣናቸው ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ዘበኛው ጠሩኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ሞተሮች ሌሊት ያልባቸዋል» አሉኝ። ላስቲኩን ገለጥ አደረጉት። ከውስጥ በኩል ጠብታ ተደርድሮበታል። «እህል እንኳ በላስቲክ ሲታፈን ይሻግታል። ይሄ ብረት ነው ብላችሁ ነው?» እኚህ ሰው አንድም መመሪያ አላነበቡም።

የዚያን ቀን ለኃላፊው ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። የሰኔው ሳቅ አለ፣ ኩርፊያ አለ። ጥግ ላይ የነበሩትን 3 ሞተሮች ብቻ በድብቅ አዳንኩ። ላስቲካቸውን ከሥር በምላጭ ቀደድኩ። ሰርባትዮአቸው ውስጥ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ዘይት ጨምሬ ግድግዳው ሁሉ እስኪነካው አንገላታሁት። ካንዴላ፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ሁሉንም እንደ ደንቤ። የዓርቡን ደግሞ በፊርማ ብቻ አስነሳኋቸው። አስሩንስ? አስሩን ተውኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ይዛጉለት ብዬም ነበር።

ዛጉለት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሲገለጡ የመጋዘኑ ሽታ ተለወጠ። ሰርባትዮ ውስጥ በባትሪ ሳበራ ቀይ አፈር ይመስላል። የኤክስኤሎቹ ዘይት ማኪያቶ ሆኗል። ጎማ ሳዞር ኩሽኔታው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። አግ መቶዎቹ ካቴናቸው በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ ተረፈ፤ የኤክስኤሎቹ ካቴና ግን ሲፈታ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አስር ሰርባትዮ ማጠብ ቀልድ አይደለም። ዳዶና ትናንሽ ጠጠር ትጨምራለህ፣ አቼቶ ትሞላለህ፣ አንድ ቀን ታሳድራለህ፣ ትንጣለህ። እንደ ቅል ነው የምትንጠው፣ ቅቤ ግን አይወጣም። ከዚያ በውኃ ታጥባለህ፣ ወዲያው ታደርቃለህ፣ ወዲያው ዘይት ታስነካለህ። ምሳ በልቼ ልመለስ ያልክ እንደሆነ ስትመለስ ቀልቷል። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የከተማው ሱቆች አቼቶ ስገዛ አይተው ሆቴል ልከፍት መስሏቸው ነበር።

አሁን የድል ቀኔ ደረሰ። ኃላፊውን ጠርቼ ሦስቱን ሞተሮቼን አሳየሁት። ሰርባትዮው ያበራል። ካቴናው ይንሸራተታል። «ይሄ እንግዲህ በእኔ አሠራር የከረመ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሠራተኞቹም ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው በሁለተኛ ርግጫ ተነሳ። ሁለተኛውም ተነሳ። ሦስተኛው ላይ ወጣሁ።

ረገጥኩ። ምንም። ደገምኩ። ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ እሳት አለ። ቤንዚን አለ። ሃያ ጊዜ ያህል ረገጥኩ። ላቤ ጠብ አለ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል።

ኃላፊው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ጎንበስ አለ። በሁለት ጣቱ ከማርሚታው አፍ አንድ ረጅም ጨርቅ ሳበ። ይስበዋል፣ አያልቅም። ከፍ አድርጎ ያዘውና እንዲህ አለኝ፦

«ይሄንንስ በሞዴል 19 ገቢ ላድርገው?»

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሁን ጨርቅ በወተፍኩ ቁጥር ጫፉን ከመሪው ጋር በቀይ ክር አስረዋለሁ።

14ኛው ሞተር የመጣው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ኤክስኤል ነበር። ሰኔ ላይ መልስ ሲባል «እመጣለሁ» አለ፣ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ሲነዳው ከርሟል። ኮረኮንቹን በሞተር ይሄዳል፣ ዋልካው ሲጀምር ገበሬ ቤት ያቆመውና በበቅሎ ይቀጥላል። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ግቢ ሲገባ ልቤ ወረደ። ሥራ ተጨመረብኝ ብዬ ነው።

አጠብኩት፣ በባልዲ። ሰርባትዮው ውስጥ ንጹህ፣ ሁልጊዜ ቤንዚን ሲገባበትና ሲወጣበት ነበራ። ዘይቱ ጥቁር ነው እንጂ ውኃ የለበትም፤ በየቀኑ ሲግል ከርሟል። ኩሽኔታው ዝም። በአንድ ርግጫ ተነሳ። ከአስራ አራቱ አንደኛ። ከእኔ ሦስቱ ጭምር።

«ካቴናውን ምን ትቀባው ነበር?» አልኩት።

«ያደርኩበት ቤት ያለውን።»

«ምን?»

«የምጣድ ማሰሻ። ጎመን ዘር። አንድ ቤት ደግሞ ኑግ ዘይት ሰጥተውኛል።»

ኑግ ዘይት ካቴና ላይ አይቀባም። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዛል። ይሄን ልነግረው አፌን ከፍቼ ካቴናውን አየሁት። አንድ የዛገ ዓይን የለውም። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ኃላፊው ደብዳቤ አዘጋጀ። ለሐኪሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ንብረት በወቅቱ ገቢ ባለማድረግና የክረምት አያያዝ መመሪያውን በመጣስ። «የተሽከርካሪ ባለሙያ አስተያየት» የሚል ክፍት ቦታ ከታች አለ። ብዕሩን ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከማህተሙ አጠገብ፣ ያ ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ፈረምኩ።