ብራቪያ 9 ወይስ ብራቪያ 8? ለድሬ ሳሎንና ለሐረር ቤት

«ኦሌድ ነው ኤልሲዲ የሚሻለው?» ሱቄ በር ላይ አሁን አሁን በብዛት የምጠየቀው ይህን ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው ናቸው። ልጁ «ቲቪ ልላክላችሁ፣ የቱን ልግዛ?» ይላል። ቤተሰቡ የሞዴሎቹን ፎቶ በስልክ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ቲቪው የሚቀመጠው የት ነው? የምታዩት ቀን ነው ማታ? በሩ ክፍት ሆኖ ነው ዝግ?

በቅርቡ ከአንድ ኩባንያ የወጡ ሁለት ውድ ሞዴሎችን ተራ በተራ ገጥሜ አስተካክያለሁ። አንደኛው የሶኒ ብራቪያ 9 ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሳሎን ውስጥ ገባ። ሌላው ብራቪያ 8 ነው፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ተቀመጠ። ሁለቱም 65 ኢንች ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡ ናቸው። ብራቪያ 9 ኤልሲዲ ነው፣ ብራቪያ 8 ኦሌድ። ሁለቱን በደንብ ካየሁ በኋላ አቋሜ ግልጽ ሆኗል፤ የቱ እንደሚሻል የሚወስነው ቤቱ ነው።

መጀመሪያ አሠራራቸውን ላስረዳ። ኤልሲዲ የራሱ ብርሃን የለውም። ከጀርባው መብራት ይበራል፤ ፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ችግሩ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱ ነው። ርካሽ ኤልሲዲ ላይ የፊልም ሌሊት ጥቁር ሳይሆን ግራጫ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ብራቪያ 9 ይህን የሚቋቋመው በሚኒ ኤልኢዲ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ እጅግ ብዙ ጥቃቅን መብራቶች አሉ። ሥዕሉ ጨለማ የሆነበት በኩል ያሉት ይቀንሳሉ፣ ብሩህ የሆነበት በኩል ያሉት ይጎላሉ።

ኦሌድ የጀርባ መብራት የሚባል ነገር የለውም። 4ኬ ስክሪን ላይ 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎች አሉ። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያወጣል። ጥቁር ሲፈለግ ይጠፋል፣ አለቀ። ከጨለማው ጎን ያለው ፒክስል ግን እንደበራ ሊቆይ ይችላል። ጥቁር ሰማይ ላይ ያለች ኮከብ ኦሌድ ላይ ጥርት ብላ የምትታየው ለዚህ ነው። ሚኒ ኤልኢዲ ላይ በብሩህ ነገር ዙሪያ ስስ ጭጋግ ሊታይ ይችላል። ብራቪያ 9 ላይ ይህ ጭጋግ በጣም ትንሽ ነው። መብራት አጥፍቼ ነጭ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ፊልም ስከፍት ግን ሆን ብዬ ስፈልገው አገኘሁት።

ለሽያጭ የወጣው የመጀመሪያው ኦሌድ ቲቪ የሶኒ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኤክስኢኤል-1 ነው። ስክሪኑ 11 ኢንች ብቻ ነበር፤ ውፍረቱ ደግሞ 3 ሚሊሜትር። ይኸው ኩባንያ በ2024 ትልቁን ቁጥር፣ 9ን፣ ለኤልሲዲ ሰጠ። ኦሌዱ 8 ተባለ። ብዙዎች ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ምክንያቱ ግን አለው። ሶኒ ለፊልም ሠሪዎች የሚሸጠው ቢቪኤም-ኤችኤክስ3110 የተባለው ሞኒተር እስከ 4000 ኒትስ (ኒትስ የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ይሰጣል። ፊልሙ የሚታረመው እንዲህ ባለ ሞኒተር ላይ ከሆነ፣ ቤት ያለው ቲቪም ወደዚያ እንዲጠጋ ይፈለጋል። ለዚህ ዓይነት ጉልበት በዚያን ጊዜ የሚቀናው ሚኒ ኤልኢዲ ነበር። ብራቪያ 9ን በመሣሪያ የለኩ ሰዎች ከ2000 ኒትስ በላይ አግኝተውበታል። ብራቪያ 8 ከዚያ በብዙ ያንሳል።

ይህ ቁጥር ድሬ ላይ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል!

የከዚራው ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፣ በረንዳም አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ በርና መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይታሰብም። ነፋስ እንዲገባ ሁሉም ነገር ይከፈታል፣ ከነፋሱ ጋር ብርሃኑም ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጨዋታ ሲጀመር ድሬ ላይ ፀሐይዋ ገና ጠንካራ ናት። የጨዋታ ሜዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ብሩህ ሥዕል ነው። ኦሌድ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ በደንብ ያበራል፤ ስክሪኑ በሙሉ ብሩህ ሲሆን ግን ኃይልና ሙቀት እንዳይበዛበት ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሚኒ ኤልኢዲ ሜዳውን በሙሉ አብርቶ ይዘልቃል። ያን ቀን በሩ ክፍት ነበር፣ መጋረጃውም ተሰብስቦ ነበር፤ ብራቪያ 9 ላይ የተጫዋቹ ቁጥር፣ ሣሩ፣ ጥላው ሁሉ ይታይ ነበር። የቤቱ አባት «አቦ፣ መጋረጃውን እንኳ አልዘጋነውም እኮ!» አሉ። ለብዙ ዓመት ኳስ ያዩት መጋረጃ ዘግተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ነው። ደስታቸው ገብቶኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቻናል አርማ ነው። እኛ አገር ቲቪ ጠዋት ከተከፈተ እስከ ማታ አይጠፋም። አንድ የዜና ቻናል ይከፈታል፣ አርማው እዚያው ጥግ ላይ፣ የዜና መስመሩም እዚያው ታች ላይ ሰዓታት ይቆያል። የኦሌድ ፒክስሎች በሠሩ ቁጥር ያረጃሉ። አርማው ያለበት ቦታ ሳያርፍ ስለሚሠራ ከሌላው ቀድሞ ያረጃል። ከዚያ ቻናል ቢቀየርም ጥላው አይለቅም። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እንዲህ የሆነ ኦሌድ አይቻለሁ፤ ሰማያዊ ሰማይ ሲመጣ የአርማው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ባለቤቱ «ሶፍትዌር ነው፣ አስተካክልልኝ» አለኝ። ሶፍትዌር አይደለም፣ ፓኔሉ ራሱ አልቋል፤ ይህን መንገር ከባድ ነው። አዳዲሶቹ ኦሌዶች ሥዕሉን በትንሹ እያንቀሳቀሱና አርማውን እያደበዘዙ ራሳቸውን ይከላከላሉ፤ በቤት ውስጥ የተለያየ ነገር ለሚያይ ሰው በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ለሚከፍት ካፌ ግን ኦሌድ አልመክርም። በጭራሽ።

ሐረር ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል።

የጁገል ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ብርሃኑ በአብዛኛው የሚገባው በበሩ በኩል ነው። ውጭ እኩለ ቀን ሆኖ ውስጡ ቀዝቃዛና ደብዛዛ ነው። ጊዲር ጋር፣ ማለትም ዋናው ክፍል፣ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። የቤቱ ጌታ አሚር ነደባ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው እንደየወጉ። ስለዚህ ቲቪውን ሁሉም ሰው ከፊት ለፊት አያየውም። አንዱ ከቀኝ ጥግ ያያል፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከበሩ ጀርባ ካለው ነደባ።

ኤልሲዲ ይህን አይወድም። ፈሳሽ ክሪስታሉ ብርሃኑን በደንብ የሚያሳልፈው ወደ ፊት ነው፤ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጥቁሩ ይነጣል። ብራቪያ 9 ላይ ሶኒ ይህን የሚቀንስ የእይታ ማስፊያ ጨምሯል፣ ይሠራልም፤ ግን ኦሌድን አይደርስበትም። ብራቪያ 8 ላይ ግን የቤቱ ጌታ ሀጂ፣ አሚር ነደባቸው ላይ ሆነው፣ ልጆቹ ታች ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው፣ ሁሉም ያው አንድ ሥዕል ነበር የሚያዩት። «ልጄ፣ እዚህ ጥግም ጥሩ ነው?» እያሉ ሦስት ቦታ እየተነሱ ተቀመጡ። ጥሩ ነው አልኳቸው። እሳቸውም አዩት። ለበርጫ ክብ ሠርቶ ግድግዳውን ተደግፎ ለሚቀመጥ ቤት ሁሉ፣ ድሬም ይሁን ሐረር፣ ይህን ነጥብ አትናቁት።

ማታ ደግሞ የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም ከፈትን። መብራቱ ጠፍቶ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሳህኖችና ስፌቶች ከጨለማው ጋር ተቀላቅለው፣ የስክሪኑ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም ነበር። ቲቪ መጠገን የጀመርኩት የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች ገበያውን በያዙበት ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥቁር ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ብራቪያ 8 ድምፁንም የሚያወጣው ከስክሪኑ ነው፤ ከጀርባ ያሉ ነዛሪዎች መስታወቱን ራሱን ያናውጣሉ፣ ንግግሩ ከሰውየው አፍ የሚወጣ ያስመስላሉ። ብራቪያ 9 በተለመዱት ስፒከሮች ነው የሚሠራው፤ የተወሰኑት ወደ ላይ ያዞሩ ናቸው፣ እሱም ጥሩ ድምፅ አለው።

አንድ ነገር ለገጣሚዎች፦ የጁገል ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ፊሸር አይዝም፤ ቅርስም ስለሆነ መብሳት አይገባም። በእግሩ አቁሙት። ድሬ ላይ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቅበሩት። የሶኒ መመሪያ የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሰኔ ላይ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ጀርባውና ላዩ ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት። ኦሌድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፤ ሙቀት የፒክስሎቹን ዕድሜ ያሳጥራል።

አሁን ወደ መብራታችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ብዙ የለም። እዚህ ሰው ሁሉ ማታ ሲተኛ ቲቪውን ከሶኬት ይነቅላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚፈጠረው ጉልበት ፓወር ቦርድ ስለሚቃጠል ልማዱ ተገቢ ነው። ኦሌድ ግን በሪሞት ከጠፋ በኋላ ፒክስሎቹን የሚያስተካክልበት ሥራ አለው። ለሰዓታት ከታየ በኋላ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ፣ ውስጡ የትኛው ፒክስል እንደደከመ እየለካ ያካክሳል። ወዲያው ከነቀላችሁት ይህን አይሠራም። በየቀኑ ወዲያው የሚነቀል ኦሌድ ላይ አርማው ቶሎ ይቀራል። ስለዚህ በሪሞት አጥፉት፣ ትንሽ ተዉት፣ ከዚያ ንቀሉት። ጥሩ ስታቢላይዘር ካላችሁ ሌሊቱን እዚያው ይደር። ሰማዩ ካጉረመረመ ግን ምንም ሳትጠብቁ ንቀሉ። ኤልሲዲ ላይ ከመንቀል በፊት የመጠበቅ ሐሳብ የለም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ ባለ 65 ኢንቹ ብራቪያ 9 ወደ 3300 ዶላር፣ ብራቪያ 8 ወደ 2800 ዶላር ነበር። ይህ ከመጓጓዣና ከቀረጥ በፊት ነው። በዚህ ዋጋ ተገዝቶ የሚከፈትበት ግን በአብዛኛው ከዲሽ የሚመጣ ተራ ቻናል ነው፤ 4ኬ አይደለም። ሁለቱም ተመሳሳይ ፕሮሰሰር ስላላቸው ደካማውን ምስል የሚያጠሩት በተመሳሳይ ደረጃ ነው። በዚህ ነጥብ አንዱን ከሌላው አታስበልጡ።

ኪሱ ለብራቪያ 9 የማይደርስ የድሬ ሰው ብራቪያ 7ን ይይ። እሱም ሚኒ ኤልኢዲ ነው፣ ቀን በደንብ ያበራል፤ ከጎን ሲያዩት ግን ይገረጣል፣ ስለዚህ ሶፋው ፊት ለፊት ላለ ቤት ነው። ኤ95ኤል የሚባለው የ2023ቱ ኦሌድና በ2025 የወጣው ብራቪያ 8 ማርክ 2 ደግሞ ኪውዲ ኦሌድ፣ ማለትም ቀለሙን በሌላ ዘዴ የሚያወጣ የኦሌድ ዓይነት፣ ናቸው። ቀለማቸው ከብራቪያ 8 ይደምቃል፣ ብርሃናቸውም ይበልጣል። ግን ብርሃን የሚገባበት ክፍል ውስጥ ጥቁራቸው ወደ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ለጁገሉ ዓይነት ቤት እሰየው፤ ለከዚራ በረንዳ አይሆኑም።

ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ከሆነ ልጁ ከመክፈሉ በፊት የቲቪው ጀርባ ላይ ያለውን የቮልት ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ጽሑፉ ከ100 ወይም ከ110 እስከ 240 ካላለ፣ ሶኬት ላይ ሳትሰኩት መጀመሪያ ወደ እኔ ወይም ወደሚያውቅ ሰው አምጡት። ካርቶኑንም አትጣሉ። 65 ኢንች ስክሪን ለጥገና ከሐረር ድሬ የሚወርደው ቆሞ፣ በራሱ ካርቶን ውስጥ ነው፤ አስተኝታችሁ ጭናችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ከወረዳችሁ በኋላ የተሰነጠቀ ፓኔል ብታመጡልኝ ምንም ላደርግላችሁ አልችልም።