በግማሽ ፔኒ ዳቦ የተጀመረ ትንተና

የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ላይ ነው። አንድ ፊልም መርጣችሁ የሥነ ጽሑፍ አላባዎቹን ተንትኑ ተባልን። እኔ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውን "ስክሩጅ" መረጥኩ። ብራያን ዴዝመንድ ኸርስት ያዘጋጀው፣ አላስቴር ሲም የሚተውንበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። መነሻው ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ያሳተመው ልቦለድ ነው። ታሪኩ ስክሩጅ ስለሚባል ገብጋባ ሀብታም ነው፤ በገና ዋዜማ የሟች ሸሪኩ የማርሌ መንፈስ በሰንሰለት ታስሮ ይመጣበታል፣ ከዚያ ሦስት መናፍስት ያለፈውን፣ ያለበትንና የሚመጣውን ሕይወቱን ያሳዩትና ይለወጣል።

መጀመሪያ ሠንጠረዥ አወጣሁ። መቼት፦ ለንደን። ግጭት፦ ሰው ከራሱ ጋር። ተምሳሌት፦ የማርሌ ሰንሰለት። መምህሬ አነበቡትና "ይሄንን ፊልሙን ሳታየውም ትጽፈው ነበር" አሉኝ። አመመኝ። ግን እውነታቸውን ነው።

ተመልሼ ከፈትኩት። በዚህኛው ዙር እስክሪብቶ አልያዝኩም። ስክሩጅ ምግብ ቤት ተቀምጦ ይበላል። አስተናጋጁን ጠርቶ ዳቦ ጨምርልኝ ይለዋል። ጭማሪው ግማሽ ፔኒ፣ የእንግሊዝ ሽርፍራፊ ሳንቲም፣ እንደሆነ ሲሰማ ይቅርብኝ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ፊልሙን እዚያው አቆምኩት። ገብጋባ ማለት ሌላውን የሚነፍግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ የሚነፍገው የገዛ ጉሮሮውን ነው! የገጸ ባሕርይ አሳሳል ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ መጽሐፉን አጠገቤ ዘርግቼ ፊልሙ የጨመረውን ፈለግኩ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። በፊልሙ ላይ የስክሩጅ እናት እሱን ስትወልድ ሞታለች፤ አባቱም በዚህ ጠልቶታል። እህቱ ፋን ደግሞ ፍሬድን ወልዳ ትሞታለች። ስክሩጅ አባቱ ያደረሰበትን በእህቱ ልጅ ላይ ይደግመዋል። መጽሐፉ ውስጥ ይሄ የለም። "ምልሰት"፣ ማለትም ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሲያሳይ፣ የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ሸምድጄዋለሁ፤ ሥራው የገባኝ ግን እዚህ ጋ ነው። ምልሰቱ የመጣው ያለፈውን ለማውራት አይደለም። ስክሩጅ የእህቱን ልጅ ለምን ዓይንህን ላፈር እንደሚለው ሊነግረን ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑን ትቼ ድምፁን ብቻ አዳመጥኩ። "ባርባራ አለን" የሚባል የቆየ የሕዝብ ዘፈን አለ። ስክሩጅ ከፋን ጋር ሲያወራ ዜማው ከኋላ ይሰማል። መጨረሻ ላይ ፍሬድ ቤት ሲሄድ፣ በግብዣው ላይ የሚዘፈነው ያው ዘፈን ነው። ማንም ስሟን ሳይጠራ፣ ሟቿ እህቱ በልጇ ቤት ተቀበለችው።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ስጽፍ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። በመጀመሪያ የነካኝን ነገር፤ "ይሄ ምን ይባላል?" የሚለውን በመጨረሻ። ዛሬም የምሠራው እንደዚሁ ነው። ሦስቱን መናፍስት በሁለት መስመር አለፍኳቸው። ግማሽ ገጽ ሙሉ የሰጠሁት ግን ፍሬድ ቤት በር ለምትከፍተው ወጣት ሠራተኛ ነው። ስክሩጅ የሳሎኑ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዛል። ያ ሁሉ ሀብት ያለው ሰው ዞሮ የሠራተኛዋን ዓይን ያያል። ፈገግ ብላ፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ግባ ትለዋለች።

ይገባል።