እሾህ የሌላት እንጆሪ

ባለፈው ክረምት ልጄ ከጫካ የለቀመችውን ፍሬ በስልክ ምስል ስታሳያት፣ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ «እንጆሪ ከሆነ እሾኹ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ በደጋው አገራችን እንጆሪ ማለት ከጥንትም እጅ እየቧጨረ የሚለቀመው የቁጥቋጦ ፍሬ ነውና። እዚህ ስዊድን ውስጥ ግን ይህችን መሬት ለመሬት የምትሳበውን የዱር ተክል ስሙልትሮን፣ በገበያ የሚሸጠውን ትልቁን ደግሞ ዮርድጉቤ ብለው ይለዩአቸዋል፤ እኛ ለሦስቱም አንድ ስም ሰጥተናል። ዝምድናቸው ግን እውነት ነው፤ ሦስቱም፣ ኮሶና ቀጋም ጭምር፣ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው።

ትልቁ እንጆሪ የዚህች ልጅ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። እርሱ በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ፣ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ዝርያ በ1714 ከቺሊ ወደ ፈረንሳይ ከገባው ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የጫካዋ ፍሬ ከአውራ ጣት ጥፍር ታንሳለች፤ መዓዛዋ ግን እጅ ላይ ይቀራል። በላይዋ ላይ ዘር የሚመስሉት ጥቃቅን ነጥቦች በእጽዋት ሳይንስ እውነተኛዎቹ ፍሬዎች ሲሆኑ፣ የምንበላው ቀይ ሥጋ ያበጠ የአበባ መቀመጫ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው አካሄዷን ነው። ከእናቲቱ ሥር እንደ ቀይ ክር የቀጠነ ሐረግ ይወጣና አፈር በነካበት አንጓ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የሚበቅሉ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተከረከመ ቅጠሎች ያወጣል። አንዱን በጣቴ ቀስ ብዬ ሳነሣው አልነቀልም አለኝ፤ ከሥሩ ነጭ ጸጉር የመሰሉ ሥሮች አፈሩን ይዘው ነበር። አዲሷ ተክል ራሷን ስትችል ክሩ ይደርቃል።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ በደንብ አድርቄ እንደ ሻይ አፈላዋለሁ፤ ጣዕሙ ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። ፍሬዋ ግን ቤት እስክትደርስ እንኳ ስለምትላላ እዚያው መብላት ይሻላል። የስዊድን ሕግ በሰው መሬት ላይም ቢሆን ንብረት እስካልጎዱ ድረስ የዱር ፍሬ መልቀም ስለሚፈቅድ፣ የሚከለክለን የለም። ልጄ እንደ አገሩ ልጆች ረጅም የሣር አገዳ ነቅላ ፍሬዎቹን እንደ ጨሌ ትሰካለች፤ የሣሩ ራስ ከጫፍ እንዳይወድቁ ይይዝላታል።

ጥሩ የስሙልትሮን ቦታ ለማንም አይነገርም። ልጄ ለአያቷ ብቻ ነገረቻት፤ ከዛፉ ጉቶ በስተግራ፣ ከድንጋዩ በታች።